ገበታው መድረክ ሲሆን፤ ስለ ዕረፍት ጉዞና ስለ አገር ምግብ አንድ ሂስ

አንድ ተውኔት ለሂስ በቀረበ ጊዜ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ድርጊቱ የሚፈጸመው መቼ ነው? የት ነው? ደራሲው ማን ነው? ተመልካቹስ ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ እነዚህኑ አራት ጥያቄዎች በሂስ ሸንጎ ፊት እምብዛም ቀርቦ በማያውቅ ጉዳይ ላይ ላነሣቸው እወዳለሁ። ጉዳዩ የዕረፍት ጊዜውን በጉዞ ለማሳለፍ የተነሣውን ሰው የምንቀበልበት ገበታ ነው። «ምግብ ደግሞ ምን የኪነ ጥበብ ጉዳይ ሆነና!» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ ገበታው ራሱ ከበሮ አስመትቶ፣ መብራት አስበርቶ መድረክ ላይ ከወጣ ሰንብቷል። መድረክ ላይ የወጣ ነገር ደግሞ ሂስን ፈርቶ ሊሸሽ አይችልም።

ትርኢቱ ለአብዛኞቻችን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤት ከሚባሉት ወደ አንዱ ለገባ ሰው ክትፎውም፣ ዶሮ ወጡም፣ ሽሮውም፣ ጥብሱም በአንድ መሶብ ላይ ባንድነት ይቀርብለታል፤ ጠጁ በብርሌ ይቀዳለታል። ከፊቱ በተሠራው መድረክ ላይ ተወዛዋዦች ልብስ እየለዋወጡ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያዞሩታል። እንግዳው ከሁለት ሰዓት በኋላ አገሩን ሁሉ ዞሮ እንደ ጨረሰ ቆጥሮ ወደ ማደሪያው ይመለሳል።

ፍርድ ማጓደል አይገባም። እነዚህ ቤቶች ለአዝማሪውም ለከበሮ መቺውም ለተወዛዋዡም እንጀራ ሰጥተዋል፤ ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገው ወጣት ማሲንቆን በቅርብ እንዲያይ ረድተዋል። ጥፋቱ መኖራቸው አይደለም። ጥፋቱ ቅንጫቢው እንደ ሙሉ ድርሰት መወሰዱ፣ ይባስ ብሎም በየክልሉ ያሉ ሆቴሎች የገዛ አገራቸውን ገበታ ትተው ያንኑ ቅንጫቢ መቅዳታቸው ነው።

ለዚህ አባባሌ አንድ የራሴን ገጠመኝ ልጥቀስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቼን ይዤ በደቡብ ወደምትገኝ አንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ለዕረፍት ሄጄ ነበር። ባረፍንበት ሆቴል የምግብ ዝርዝር ላይ የነበረው ሁሉ አዲስ አበባ ትተነው የመጣነው ነው። አስተናጋጁን «የአገሩ ምግብ የለም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው አፈረና፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ የእኛ የሠራተኞቹ ምሳ ነው፤ ለእንግዳ አይቀርብም» አለኝ። ብዙ ከተለማመጥሁት በኋላ ቆጮ በጎመንና በአይብ አመጣልን። ያዘጋጀችው ሴት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ልጆቼ ይበሉላት እንደሆነ ትመለከት ነበር። በሉ፤ ደግመውም ጠየቁ። ሒሳብ ስጠይቅ ግን ምግቡ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ስላልነበረ ሳይጻፍ ቀረ። ከዚያ ጉዞ ከበላነው ሁሉ የማይረሳኝ ዋጋ ያልተሰጠው ያ ምሳ ነው። «ለእንግዳ አይቀርብም» የሚለው ቃልም እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሕዝብ በገዛ ገበታው እንዲያፍር ማን አስተማረው? የዚህ ሂስ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለት ወደ ጊዜ ጉዳይ እንለፍ። ምግብን ተከትሎ የዕረፍት ጊዜን ማቀድ ከውጭ አገር የተገኘ አዲስ ፈሊጥ የሚመስለው ሰው ካለ የጉራጌን መስቀል ያስታውስ። በየከተማው የሚኖረው የጉራጌ ነጋዴና ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ሥራውንና ቁጠባውን የሚያቅደው በመስከረም አገር ቤት ለመግባት ነው። በዚያ ወቅት መርካቶ ጭር ይላል። የሚጠብቀው ገበታም ባንድ ቀን የተሰናዳ አይደለም። ቅቤው በሴቶቹ እጅ ሲጠራቀም የቆየ ነው። እንሰቱ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ፈጅቷል፤ ግንዱ ተፍቆ፣ ሥሩ ተቀጥቅጦ፣ በኮባ ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ከርሟል። የጎመን ክትፎው ምሽት ከእርዱ ይቀድማል፤ እርዱን የአባቶች ምርቃት ይከተለዋል። ይህ መጋረጃውና ገቢሩ የተለየ ሙሉ ድርሰት ነው። በአዘቦት ማታ በከተማ የሚቀርበው ክትፎ ጣዕም የለውም አልልም፤ ነገር ግን ከድርሰቱ ተገንጥሎ የተነበበ አንድ ገጽ ነው።

የጊዜ ጉዳይ በዚህ አያበቃም። የማር አገር የሚጎበኘው የመስከረም አበባ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ቀፎው በሚቆረጥበት ወራት ነው። የ55 ቀኑ ሁዳዴ ለተጓዥ ገበታው የሚሟጠጥበት ጊዜ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሱፍ ፍትፍቱ፣ አዚፋው፣ ተልባውና ስልጆው የሚያብቡት፣ የባለሙያዋም ብልኃት ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው። ሐረር በረመዳን ቀን ለቀን የሄደ እንግዳ ጭር ያለ ገበታ ያገኛል፤ ማታውን የጠበቀ ግን ሌላ ከተማ ያያል። ከረመዳን በኋላ ያለውን የስድስት ቀን ጾም ተከትሎ የሚከበረው የሐረሪዎች ሹዋሊድም በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

በተለይ መምህራን ወገኖቼ አንድ ነገር እንዲያስተውሉልኝ እሻለሁ። የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚውለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እነዚህ ወራት በደጋው ገበሬ ዘንድ የአምናው እህል ያለቀባቸው፣ የዘንድሮው ገና ያልደረሰባቸው የጭንቅ ወራት ናቸው። የእኛ የፈቃድ ወረቀትና የገበሬው ጎተራ አይስማሙም ማለት ነው። በነሐሴ ገበሬ ቤት ገብቶ የተጋበዘ ሰው የተቀበለው ከትርፍ ሳይሆን ከጉድለት መሆኑን ይወቅ።

ሁለተኛው ጥያቄ የቦታ ነው። አባቶች «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ብለዋል። የኮንሶ የእርከን መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎብኚው እርከኑን በፎቶግራፍ አንሥቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። ዳሩ ግን ድንጋዩን የካበው በኅብረት የሚወጣ ጉልበት ነው፤ ያንን ጉልበት ሲያበረታ የኖረውም ከማሽላና ከበቆሎ የሚጠመቀው ጨቃ ነው። እርከኑን አይቶ ጨቃውን ያልቀመሰ ሰው የሠራተኛውን ሥራ እንጂ ሠራተኛውን አላወቀም። በ1998 ዓ.ም. የተመዘገበችው የሐረር ጁገልም እንዲሁ ናት። ቡናዋ በዓለም ገበያ ስም አውጥቷል፤ በቤቷ ግን ከቡናው ገለባ ሐሸር፣ ከቅጠሉም ቁጢ ይፈላል። ፍሬው ለገበያ ሄዶ ገለባውና ቅጠሉ በቤት መቅረታቸው በራሱ አንድ የኢኮኖሚ ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ በስኒ የሚነግረን ቦታው እንጂ የሆቴሉ አዳራሽ አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄ ይልቅ የከበደ ነው። የዚህ ድርሰት ደራሲ ማን ናት? «ናት» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠላን እንውሰድ። ጌሾ ወቅጣ፣ ብቅል አብቅላ፣ አሻሮ ቆልታ፣ ጋኑን በወይራ አጥና፣ ጥንስሱን ከድፍድፉ በጊዜው የምታገናኘው ሴት ናት። የአንዱ መንደር ጠላ ከሌላው የሚለየው በውኃው፣ በጌሾው፣ በእህሉና በእጇ ነው። በደጇ ያለው ምልክት በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ብቻ ነው፤ ስሟ የለበትም። የሥዕል ትርኢት ስናዘጋጅ የሠዓሊውን ስም ከሥዕሉ ግርጌ እንጽፋለን። የተጓዥ መምሪያ ስናዘጋጅ ግን «የአካባቢው ባህላዊ መጠጥ» ብለን እናልፋለን። ባለሙያዋ ሙያዋን ለልጇ ልታስተላልፍ የምትችለው ሙያው ሲያከብራትና ሲያኖራት ነው። አለዚያ ልጅቱ የእናቷን ጋን ትታ ብትሄድ የምንወቅስበት አፍ አይኖረንም።

በዚህ በኩል እኔም ከነቀፌታ ነጻ አይደለሁም። በጻፍኋቸው ተውኔቶች ውስጥ መሶብን ከአንድ ጊዜ በላይ መድረክ ላይ አውጥቻለሁ፤ አንድም ጊዜ ግን እንጀራ አልነበረበትም። ያንን እንጀራ ማን እንደ ጋገረችውም ገጸ ባሕርያቴን ጠይቄአቸው አላውቅም።

አራተኛው ጥያቄ የተመልካች ነው። በእውነተኛ በዓል ላይ ተመልካች የለም፤ ሁሉም ተሳታፊ ነው። እንግዳ ያጎርሱታል፤ እርሱም ያጎርሳል፤ ተራው ሲደርስ ይመርቃል ወይም ይመረቃል። ካሜራውን ይዞ ከዳር የቆመ ሰው ሲበዛ ግን ባለቤቶቹ ሳያውቁት ተዋናዮች ይሆናሉ፤ በዓሉም ለእነርሱ መሆኑ ይቀርና ለዳር ቋሚው ይሆናል። ስለዚህ «ወደ በዓሉ ሂዱ» ስል «በገፍ ውረሩት» ማለቴ አይደለም። እንግዳው በቁጥር አነስ ብሎ፣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይዞ፣ የድርሻውንም አዋጥቶ ይሂድ።

የሚቀርቡ ተቃውሞዎች አሉ። የሠራተኛው ዕረፍት አጭር ስለሆነ በዓል ጠብቆ መሄድ አይሆንለትም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የገበያ ቀን በየሳምንቱ አለ። የሐይቅ ዳር ሰው ጠዋት አሣ አጥማጁ ወደሚደርስበት ዳርቻ ቢወጣ፣ ለምሳሌ በሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ቆሮሶውንና አምባዛውን ከነባለቤቱ ያገኘዋል። ስለ ጤንነት የሚነሣውም ተገቢ ነው። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያመጣ እንደሚችል መደበቅ ባህልን ማክበር አይደለም፤ ክትፎ ለብ ለብ እንዲልለት የሚጠይቅ እንግዳም ሊናቅ አይገባም። የውኃና የንጽሕና ጉድለት ካለም መፍትሔው ባለሙያዋን ከገበያ ማስወጣት ሳይሆን ውኃውን ማስገባትና ማሠልጠን ነው።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያስተዋወቁት «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው መጠሪያ አገሪቱን ለአሥርታት ለዓለም አስተዋውቋል። በ2008 ዓ.ም. በ«ምድረ ቀደምት» ተተክቷል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት የታቀደው ሥራ «ገበታ ለሀገር» ተባለ። ስሙ መልካም ስም ነው። የሂስ ሥራ ግን ስምን ከይዘት ጋር ማመሳከር ስለሆነ፣ በነዚህና በነዚህ መሰል ማረፊያዎች ሁሉ ልንጠይቅ የሚገባን አለ። በገበታው ላይ የቀረበው የማን እህል ነው? የዚያ አካባቢ ሴት በዚያ ማድ ቤት ውስጥ ያላት ቦታ ዕቃ አጣቢነት ነው ወይስ ባለሙያነት? 13ቱን ወር በፀሐያቸው ብቻ ሳይሆን በገበታቸውም የምንቆጥረው መቼ ነው?

የባህል ሠራተኛው በየወረዳው የሚደርሰውን እህል፣ የሚቆረጠውን ማር፣ የሚከበረውን በዓልና የጾሙን ወራት በቅደም ተከተል ቢመዘግብ ከማንኛውም ባለቀለም መምሪያ የተሻለ የተጓዥ መጽሐፍ ይወጣዋል። መምህሩ ተማሪዎቹን የእናቶቻቸውን የአጠማመቅና የአበሳሰል ሥርዓት እንዲጽፉ ቢያዝዛቸው በአንድ ዓመት ውስጥ መዝገብ ይሞላል። ከያኒው ደግሞ መሶቡን ከመድረክ ጌጥነት ያውጣው። እስከዚያው ድረስ ለዕረፍት የሚወጣ አንባቢ አንዲት ነገር ያድርግልኝ። በደረሰበት ሆቴል ሠራተኞቹ ምሳ ምን እንደሚበሉ ይጠይቅ፤ ያንኑ ይዘዝ፤ ያበሰለችውንም ስም ጠይቆ ዋጋውን በሒሳቡ ወረቀት ላይ ያስጽፍ።