የቋራው ካሳ በእንግሊዝኛ ክፍል

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍል «የአፍሪካ ልብ ወለድ» ሲባል የሚነበበውን ዝርዝር ሳያዩ መገመት ይቻላል። አቼቤ አለ፣ ንጉጊ አለ፣ ሾይንካ አይቀርም። ደግ! አቼቤን ሳያነቡ ስለ አፍሪካ ልብ ወለድ ማውራት ማኅሌት ሳይቆሙ ስለ ዜማ እንደ መከራከር ነው። እኔን የሚከነክነኝ ከዝርዝሩ የጎደለው ነው። ጎንደር መሐል ከተማ የአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ቆሟል። በአጠገቡ የሚያልፈው የእንግሊዝኛ ተማሪ ኡሞፊያን፣ ያቺን የአቼቤን መንደር፣ እንደ ሰፈሩ ያውቃታል። ስለ ሐውልቱ ባለቤት አንድ ኢትዮጵያዊ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ መጻፋቸውን ግን ስንቱ ሰምቷል?

መጽሐፉ «ዋሪየር ኪንግ» ይባላል፤ ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ናቸው። ሄኒማን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው የአቼቤ መጽሐፍ ቁጥር አንድ ሆኖ በተሰለፈበት በዚያው የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ሕትመት ውስጥ ነው። የዳኛቸው ወርቁ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»ም ከአንድ ዓመት በፊት እዚያው መደርደሪያ ላይ ወጥቷል። ለንደን የቆጠረችንን እኛው ዘለልነው ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ እኛስ ድኅረ ቅኝ ግዛት ነን?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ ከኋላ አንዱ «አድዋን ረሳኸው እንዴ!» አለው። ልጁ ግን አልረሳም ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ነው። ንጉጊ እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ቋንቋና ስለ አእምሮ ባርነት የጻፈውን ሲያነብ የራሱን ደብተር ያያል። ገዥ ሳይመጣብን የገዥን ቋንቋ በገዛ ፈቃዳችን በትምህርት ቤታችን አነገሥነው። «ቅኝ አልተገዛንም» የሚለው ኩራታችን ከክፍሉ በር ሲደርስ ትንሽ ይሽኮረመማል።

እ.ኤ.አ. በ1962 ማካሬሬ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ደራስያን በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ብቻ ነበሩ። ንጉጊ ያኔ ገና ተማሪ ነበር፤ ያስገቡት በእንግሊዝኛ የወጡለት ጥቂት አጫጭር ልብ ወለዶች ናቸው። የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በአማርኛ የጻፉትን ልብ ወለድ ሮም ላይ ካሳተሙ ግን 54 ዓመት ሆኗቸው ነበር። የኮርሳችን ዝርዝር እስካሁን የዚያን ስብሰባ የጥሪ ወረቀት ይመስላል።

ወደ ካሳ ልመለስ። «ዋሪየር ኪንግ» ታላቅ ልብ ወለድ ነው አልልም። ቋንቋው ቀላልና ንጹሕ ነው፤ ካሳ ከሽፍትነት ተነሥቶ እስኪነግሥ ያለውን እንደ ዜና መዋዕል ተራ በተራ ያወርደዋል፤ የሰውየውን ሆድ ግን እምብዛም አይከፍትም። ጥቅሙ ከጎኑ ሌላ ሲቀመጥ ነው። የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን አወጣ፤ አቤ ጉበኛ በ1960ዎቹ መጀመሪያ «አንድ ለናቱ»ን። እስቲ ርዕሶቹን ብቻ እዩ። ለባዕድ አንባቢ የቀረበው ካሳ ጦረኛ ንጉሥ ነው፤ ባዕዱ አያውቀውምና ከሥራው መጀመር ግድ ነው። የእኛ ሰው ጦረኝነቱን ከእናቱ ጡት ጋር ስለጠባው ብርሃኑ በቀጥታ ወደ እንባው ይሄዳል። አቤ ደግሞ ዘውዱንም ጦሩንም ትቶ የእናት ልጅ ይለዋል። አንድ ሰው፣ ሦስት አድራሻ። ስለ ድኅረ ቅኝ ግዛት ሥነ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት አላውቅም።

እናት ካልኩ ዘንድ፣ የካሳ ጠላቶች «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት እንደነበር የጎንደር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። በአማርኛ ሦስቱ ቃላት ብቻቸውን ይበቃሉ፤ ድህነቱም፣ ምሬቱም፣ የመሳፍንቱ ንቀትም እዚያው ውስጥ አለ። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ግን ኮሶ ዛፍ መሆኑን፣ አበባው ለሆድ ትል መድኃኒት መሆኑን፣ መሸጡም የድኃ ሴት ሥራ መሆኑን ማስረዳት ሊኖርበት ነው። አስረድቶ ሲጨርስ ስድቡ ስድብነቱ ይለቀዋል። ናይጄሪያዊውም ኬንያዊውም ከእንግሊዝኛ ጋር ሲታገል የኖረው ይህንኑ ነው፤ የእኛ ተማሪ ግን ትግሉን በሌላ ሰው ቋንቋ ብቻ እያየ ይመረቃል።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የአማርኛና የእንግሊዝኛ ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤታሞች ናቸው፤ መምህራኑም ቡና አብረው ይጠጣሉ። ብርሃኑ በአንዱ ክፍል፣ ሣህለ ሥላሴ በሌላው ቢነበቡና በወር አንድ ቀን ሁለቱ ክፍሎች ቢገናኙ ማንም አይከለክልም። (የዲኑ ደብዳቤ ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም።)

እኔ በማስተምርበት ዘመን ያቺን ስድብ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሱ ለተማሪዎች ሰጥቼ ነበር። አብዛኞቹ ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ጻፉ። ከጃናሞራ የመጣው ልጅ፣ ማለትም ካሳ በ1847 ዓ.ም. ደጃች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ከነገሠበት አገር የመጣው፣ «ኮሶ»ን እንዳለ ተወውና አንድም ማብራሪያ ሳይጨምር መለሰልኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «አንባቢው ይጠይቅ፤ እኔም ስለ ኡሞፊያ ጠይቄ ነው ያወቅሁት» አለኝ።