አዳፕተሩን ገልብጦ ማንበብ

ለቤት ቢሮ የሚሆን ራውተር ልግዛ ብለው የሚያማክሩኝ ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ፈጣኑ የትኛው ነው?» ካርቶኑ ላይ 300 የሚል ካዩ 150 የሚለውን ዞር ብለው አያዩትም። እኔ ካርቶኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ አዳፕተሩን አወጣና ጀርባውን ገልብጬ አነባለሁ። እዚያ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች መስመር አለች፤ ዕቃው ስንት ቮልት እንደሚቀበል፣ ስንት ቮልትና ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ትናገራለች። ሰቆጣ ላይ ለሚሠራ ሰው ካርቶኑ ላይ ካለው ትልቅ ቁጥር ይልቅ ይቺ መስመር ትጠቅማለች። መጀመሪያ መብራቱ ይታያል፣ ቀጥሎ ግድግዳው፤ ፍጥነቱ የሚነሣው ሁለቱ ካለቁ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያለ የሙያ ጓደኛዬ ይህን ቅደም ተከተል ስነግረው ይስቅብኛል። ፎቁ ድረስ ፋይበር ለገባለት ሰው ነገሩ ቢያስቅ አይገርምም።

ራውተርን የሚጎዳው የመብራት መሄድ አይደለም፤ አመጣጡ ነው። ሲመጣ ለጥቂት ሰከንዶች ከፍ ዝቅ ይላል፣ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ እንደገና ይመለሳል። ይህን ሁሉ የሚቀበለው አዳፕተሩ ነው። ስለዚህ «ተቃጠለ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ራውተር አብዛኛው ደህና ሆኖ አገኘዋለሁ፤ የሞተው አዳፕተሩ ነው። የሚያስቸግረው ደግሞ የሞተው ሳይሆን የደከመው ነው። ለብቻው በቴስተር ሲለካ 12 ቮልት ያሳያል፣ ጤነኛ ይመስላል። ራውተሩ ላይ ተሰክቶ ሥራ ሲጀምር ግን ወደ 10፣ አንዳንዴም ወደ 9 ይወርዳል። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ታወሩ ሲርቅበት ለመላክ ተጨማሪ ኃይል ይስባል፤ ልክ በዚያች ሰዓት አዳፕተሩ ያቅተውና ራውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ባለቤቱ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ይላል። ሲም ካርድ ይቀይራል፣ ፓኬጅ ይቀይራል፣ በመጨረሻ ራውተሩን ይቀይራል። አዳፕተሩ ሲከፈት ውስጡ አናቱ ያበጠ አንድ ካፓሲተር ይገኛል። ዋጋው ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም።

ለዚህ ነው 12 ቮልት የሚበላ ራውተር የምመርጠው። በ9 ቮልት የሚሠሩም አሉ፣ በ5 ቮልት የሚሠሩም አሉ፤ ክፉ ዕቃ ናቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የ12 ቮልት አዳፕተር የትም ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይገኛል፤ የደኅንነት ካሜራውም፣ ብዙው ሪሲቨርም የሚጠቀመው እሱን ነው። ሲተካ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። ጫፉ ላይ ያለው የፕላስና የማይነስ አቀማመጥም ከራውተሩ ሥዕል ጋር መግጠም አለበት። አምፔሩ ቢበዛ ራውተሩን አይጎዳውም፤ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ የሚበልጠውን ትቶ የሚያንሰውን ይገዛል።

12 ቮልት ሌላም ጥቅም አለው፤ ባትሪም 12 ቮልት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነች ትንሽ የእርሳስ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ትይዛለች። ራውተሩ 8 ዋት ቢበላ በወረቀት ላይ ከ10 ሰዓት በላይ ታስኬደዋለች፤ የእርሳስ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ካወረዱት ዕድሜው ስለሚያጥር 5 ሰዓት ብለው ይያዙት። ይህ የሥራ ቀኑን ትልቁን ክፍል ይሸፍናል። ሰው ግን ኢንቨርተር ገዝቶ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ያወጣል፣ ከዚያ በአዳፕተር መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል። በመውጣትና በመውረድ የሚባክነው ኃይል ራውተሩን ሌላ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ያሠራው ነበር። በቀጥታ ማገናኘት ይሻላል፤ ጥንቃቄው አንድ ነው። ባትሪ በሶላር ሲሞላ ወደ 14.4 ቮልት ይወጣል፣ ሁሉም ራውተር ይህን አይችልም። ስለዚህ መሐል ላይ ቮልቱን 12 ላይ የሚያቆም ትንሽ ማስተካከያ ይገባል፤ ወይም እንደ አንዳንዶቹ የማይክሮቲክ ራውተሮች ከ12 እስከ 30 ቮልት የሚቀበል ይገዛል። ሰቆጣ ባለችበት ዋግ ላይ ከክረምቱ ወራት ውጪ ፀሐይ ብርቅ አይደለችም። ዝናቡ ያጥራል እንጂ ፀሐይዋስ ሞልታለች።

አሁን ወደ ግድግዳው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ያለች፣ ተራራ የከበባት ከተማ ናት። የቆየው ቤቷ ደግሞ የድንጋይ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ግማሽ ሜትር የሚደርስ ሲሆን ጣሪያው ዛሬ ቆርቆሮ ነው፣ በሩና መስኮቱም ላሜራ እየሆነ መጥቷል። ለኑሮ መልካም ቤት ነው፤ ቀን አይሞቅ፣ ሌሊት አይበርድ። ለሬዲዮ ሞገድ ግን እንደተቆለፈ ሣጥን ነው። ቆርቆሮና ላሜራ ሞገዱን ይመልሱታል፣ ድንጋዩ ደግሞ ይውጠዋል። በሲም የሚሠራ ራውተር ሁለት ፊት እንዳለው ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በአንዱ ከታወሩ ጋር ይነጋገራል፣ በሌላው ከላፕቶፑ ጋር። ሰው የሚጨነቀው ለሁለተኛው ነውና ራውተሩን ከጠረጴዛው ሥር፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ያኖረዋል። ዋይፋዩ አምስቱንም መስመር ሞልቶ ያሳያል፣ ገጹ ግን አይከፈትም።

እኔ ከመግዛት በፊት ቤቱን እዞራለሁ። የሚያስፈልገው ተራ ስልክ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ቅንብር ውስጥ ስለ ሲም ካርዱ የሚናገረው ገጽ የሲግናሉን ኃይል በቁጥር ያሳያል፤ በ4ጂ ላይ ከዜሮ በታች 80 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፣ 100 ያሠራል፣ ከ110 ካለፈ ችግር ነው። ቁጥሩ በ3 ሲለወጥ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል ወይም በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከዕቃ ማስቀመጫው 108 ያሳየው ስልክ መስኮቱ ጋ 93 ካሳየ ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ፣ ከ30 እጥፍ በላይ ነው። የትኛውም ውድ ራውተር ይህን ያህል አይጨምርም። የላሜራውን መስኮት ከፍቶና ዘግቶ መለካትም አይከፋም፤ ሰው ቁጥሩ ሲለወጥ በዓይኑ ሲያይ ነው የሚያምነው። ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ ባለበት አካባቢም መፍትሔው መለካት ነው። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ክርክር አያልቅም። ክርክሩን የሚፈታው ሁለቱንም ሲም በአንድ መስኮት ላይ መለካት ነው፤ ለጎረቤት የሠራው ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል።

በመስኮትም ሲግናል የማይገኝበት ቤት አለ። ወደ ተከዜ ሸለቆ ወረድ ሲባል፣ በዝቋላና በአበርገሌ በኩል፣ አንድ ጉብታ ታወሩን ከልሎ ያስቀረዋል። ለእንዲህ ያለው ቤት የውጭ አንቴና ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ራውተሩ ሲገዛ ከጀርባው የአንቴና ቀዳዳ እንዳለው ይታያል። እንደ ሁዋዌ ቢ315 ያለው የቆየ ራውተር ሁለት ቀዳዳ አለው። ፍጥነቱ በወረቀት 150 ሜጋ ቢት ብቻ ነው፣ ለሱቅ ነጋዴ «ያረጀ» ነው። እኔ ግን አንቴና የማይቀበል 300 ሜጋ ቢት ከምሰጥ አንቴና የሚቀበለውን 150 እሰጣለሁ። ኬብሉ ግን ይጠር፤ ቀጭን ኬብል በረዘመ ቁጥር አንቴናው የለቀመውን መንገድ ላይ ይበላዋል። አሥራ አምስት ሜትር ቀጭን ሽቦ ጣሪያ ላይ የሰቀለ ሰው ብዙ ጊዜ ያለ አንቴና ከነበረበት አይሻልም።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ራውተር የራሱ ጣጣ አለው። ዕቃው አዲስ፣ መልኩ የሚያምር ይሆናል፤ ነገር ግን የአገሩ ኔትወርክ የሚጠቀምባቸው ባንዶች ከእኛ ይለያሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ 4ጂ በብዛት የሚሠራበት 1800 ሜጋ ኸርዝ፣ ማለትም ባንድ 3፣ ከሌለው ሲሙን ያነባል እንጂ 4ጂ አይዝም። አንዳንዱ ደግሞ ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ ነው። አዳፕተሩ 120 ቮልት ብቻ የሚል ሆኖ ተገኝቶ 220 ላይ የተሰካ ዕለት ደግሞ ነገሩ በጭስ ያልቃል። ዘመድ ከመላኩ በፊት የአዳፕተሩንና የሞዴሉን ፎቶ ይላክላችሁ።

ፍጥነትን መጨረሻ ያደረግሁት ንቄው አይደለም። ለቤት ሥራ ስንት እንደሚያስፈልግ ስለሚታወቅ ነው። የሁለት ሰው የዙም ስብሰባ በጥሩ ምስል ወደ 600 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይበቃዋል፤ ለድምፅ ብቻ ከሆነ 80 አይሞላም። 150 ሜጋ የሚለው ካርቶን ከምስሉ ፍላጎት እንኳ 250 እጥፍ ነው። ታዲያ ስብሰባው ለምን ይቆማል? አንደኛ፣ የሚያንሰው መቀበያው ሳይሆን መላኪያው ነው፤ ፍጥነት የሚለካ ሰው ግን የመጀመሪያውን ቁጥር አይቶ ይዘጋዋል። ሁለተኛ፣ ልክ በስብሰባው ሰዓት የልጁ ስልክ የበዓሉን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ጉግል መስቀል ይጀምራል። ራውተሩ ሁሉንም ወረፋ ያስይዝና ድምፁ ከቪዲዮው ኋላ ተሰልፎ ይቀራል። ስለዚህ አንዱን ዕቃ ማስቀደም፣ ለሌላው ገደብ ማበጀት የሚያስችል ራውተር ለቤት ቢሮ ከየትኛውም የካርቶን ቁጥር ይበልጣል። ለእንግዳና ለልጆች የተለየ የዋይፋይ ስም መክፈት ብቻ እንኳ ብዙ ያቀላል።

ከቤት ሆኖ በስብሰባ መሳተፍ በእኛ ከተማ የቅንጦት ነገር አይደለም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ለማጥፋት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። የከተማችን ስም አዲስ አበባ ባሉ የስብሰባ አዳራሾች ሲነሣ ይውላል፤ እዚህ ሆኖ በስብሰባው የሚሳተፈው ባለሙያ ግን ፊቱ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል። አስቂኝ ነው፣ ደስ አይልም እንጂ።

ራውተር የማይፈታውን ማወቅም የሙያው ግማሽ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣን ሲያገኛት መብራትና ስልክ ለረጅም ጊዜ ጠፉ፤ ያኔ ስለ ራውተር የሚያወራ አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆየ፤ እንደ ባሕር ዳር ባሉ ከተሞች ቋሚ መስመር ያለው ሰው ዋይፋይ ፍለጋ ለሚመጣ ዘመድ ቤቱን ከፍቶ ይውል ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ አዲስ ራውተር ልግዛ የሚል ሰው ሲመጣ ገንዘቡን እንዲይዝ እነግረዋለሁ። መለያው ቀላል ነው። ላፕቶፑ የራውተሩን የራሱን ገጽ፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 የሚለውን፣ ቶሎ ከከፈተና ሌላው ሁሉ ካልተከፈተ ራውተሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ችግሩ ከእሱ ወዲያ ነው።

መብረቅ እንዳልረሳ። በመዳብ የስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚያገኝ ሰው በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓድ ሲጀምር የመብራቱን ሶኬት ብቻ ነቅሎ ይቀመጣል። መብረቁ የሚገባው ግን በስልኩ ሽቦም ጭምር ነው፤ ሁለቱም ይነቀሉ። ፋይበር መስታወት ስለሆነ መብረቅ አያስተላልፍም፤ ከደረሰበት ቤት ለሥራ የሚስተካከለው የለም፣ የፋይበሩ ሣጥን ግን እሱም መብራት ይበላልና ባትሪውን አትርሱት።

ሰሞኑን የገጠምሁላቸው እናት የሥነ ምግብ ባለሙያ ናቸው፤ ሪፖርታቸውን ከቤታቸው ነው የሚሠሩት። የቤታቸው ግድግዳ የአባታቸው ዘመን ድንጋይ ነው። ራውተሩን መስኮቱ ላይ አስቀመጥሁት፤ የሥራ ጠረጴዛቸው ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ፣ በውስጠኛው ክፍል ነበር። ዋይፋዩ ሲሻገር ተንጠፍጥፎ ያልቃል። 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ጭራሽ አይደርስም፣ 2.4ቱ ይደርሳል ግን ይንገዳገዳል። በበሩ መቃን በኩል የኔትወርክ ኬብል ስቤ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት።

«እንዴ፣ ዋይፋይ ትገጥምልኛለህ ብዬ ሽቦ ዘርግተህልኝ ልትሄድ ነው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ዋይፋዩ ለስልክዎና ለእንግዳዎ ነው። ለስብሰባው ሽቦው ይሻልዎታል።»

«የልጅ ልጆቼ ቢጎትቱትስ?»

ተመልሼ ኬብሉን በሚስማር ማያያዣ እስከ መቃኑ አናት ድረስ አወጣሁት።