ስእለቱ የማን፣ ዋጋው የማን?

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን ያሳተሙት በ1910 ዓ.ም. ነው። ሰው ሲያወድሰው የሚይዘው የርዕሱን የመጀመሪያ ግማሽ ነው፤ ምክሩን። እኔን የሚይዘኝ ሁለተኛው ነው። ምክር ለአባት መታሰቢያ የሚሆነው ልጁ ባነበበው ቁጥር አባቱ ትዝ ሲለው ነው፤ ትዝ የሚለው ደግሞ ያየው ነገር ነው። የኅሩይ ልጆች ያዩት ነበራቸው፦ ከመርሐቤቴ በቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑ፣ በሥራ ተወጥረውም መጻፍ ያልተዉ፣ በ1928 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በ1931 እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ያረፉ አባት። እኛ አንባቢዎቹ ጋ ይኼ የለም። ጽሑፉ ብቻ ነው ያለን።

ለዚህ ነው መጽሐፉን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሰጥቶ «አንብብና ሃይማኖትህን ጠብቅ» ማለት የማይሠራው። እኔ በምሠራው ሥራ ዶክመንቴሽኑ አንድ ነገር፣ ኮዱ ሌላ ነገር ከተናገረ የምናምነው ኮዱን ነው። ጎረምሳም እንደዚያው ያደርጋል፤ ያውም ማንም ሳይነግረው።

ማጀቴ ላደገ ልጅ ደግሞ ማነጻጸሪያው ቅርብ ነው። ይፋት ቆላ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ስለሆነ የአንዱን ጾም ሌላው ያያል። የጓደኛው አባት በረመዳን፣ በዚያ ሐሩር፣ ውኃ ሳይቀምሱ ማሳ ውለው ሲገቡ ያየ ልጅ፣ የራሱ አባት ዐቢይ ጾም ላይ ምን እንደሚያደርጉ ልብ ማለቱ አይቀርም። አያቴ ስለ ሃይማኖት ስትመክረኝ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ገበያ ላይ ማሾ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ ምርቃት ጣል የምታደርገው ነው፤ ገዢው ማንም ይሁን ማን።

ግን «አርአያ ሁኑ» ማለት ብቻውን በቂ ነው? የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958) እዚህ ላይ ከምክር መጽሐፍ በላይ ይረዳኛል። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ አስመሳዮች አይደሉም፤ እምነታቸው የእውነት ነው። በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። ስእለቱን የገቡት እነሱ ናቸው፤ ሚስት ሳያገባ የሚኖረው ግን እሱ ነው! ፊታውራሪ መሸሻም የዘርና የማዕረግ ክብራቸውን የሚያስከብሩት በሰብለ ወንጌል ዕድሜ ነው። ጉዱ ካሳ ከነዚህ ይለያል። ያመነበትን ተናግሮ እብድ የተባለው ራሱ ነው፤ ዋጋውን ወደ ልጅ አላዞረም። ወጣቶቹ ልባቸውን የሚሰጡት ለእሱ መሆኑ አጋጣሚ አይመስለኝም። በሥርዓቱ ላይ አፉን የሚከፍተው ሰው ከሁሉም ይልቅ ክርስቲያን ሆኖ ይታየኛል፤ ያልተስማማ ይምጣና ይከራከረኝ።

ለመብሰል የደረሰ ልጅ አርአያውን የሚመዝነው በዚህ ይመስለኛል፦ ዋጋውን ማን ከፈለ? ፍልሰታ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ትልቁም ትንሹም ይጾማል፤ ልጁ ሲርበው እናቱንም እንደራባት ያውቃል። ቅዳሴው እስኪያልቅ አብረው ቆመው ይቆያሉ፣ ልጆቹም ይቆርባሉ። ትርጓሜው በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤት ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚመጣው ረሃቡ ነው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ድምፁ መጎርነን ሲጀምር ልጁ ከቁርባን ይሸሻል፤ ብዙዎቻችን ሰፈር እንደ ደንብ የተያዘ ነገር ሆኗል። የሚቆርቡት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው፣ መሐሉ ሳስቷል። ስለ ወጣቱ የሚጻፈው ተግሣጽ በሙሉ ማለት ይቻላል ስለ ስልክ ነው፣ ስለ ዘፈን ነው፣ ስለ አለባበስ ነው። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ወረፋው ላይ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ፈልጎ ስለሚያጣበት ቀን የጻፈ ግን እስካሁን አላነበብኩም።