ከባላባት ግንብ የታየ ምዕተ ዓመት

ባርባራ ታክማን እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት «የሩቅ መስተዋት» የ14ኛውን ምዕተ ዓመት አውሮፓ ለአጠቃላይ አንባቢ የሚተርክ ሰፊ መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ ትረካውን በአንድ ፈረንሳዊ ባላባት፣ በሰባተኛው አንጌራን ደ ኩሲ ሕይወት ዙሪያ አዋቅረውታል። ባላባቱ የእንግሊዙን ንጉሥ የኤድዋርድ ሣልሳዊን ልጅ አግብቶ በሁለት ተፋላሚ መንግሥታት መካከል የኖረ በመሆኑ፣ ተማሪዎቻችን በዓመተ ምሕረት ዝርዝር ብቻ የሚሸመድዱት የመቶ ዓመት ጦርነት እዚህ የአንድ ቤተሰብ ጭንቀት ሆኖ ይቀርባል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1396 በኒኮፖሊስ ተማርኮ በተከታዩ ዓመት ቡርሳ ላይ ሲሞት አንባቢው እንደሚያውቀው ሰው ያዝንለታል።

የመጽሐፉ ድክመትም ከዚሁ ብርታቱ ይመነጫል። ደራሲዋ ለገበሬው መከራ ዓይናቸውን ባይጨፍኑም፣ ዘመኑ የሚታየው ከግንቡ ላይ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1358 ስለተነሣው የፈረንሳይ ገበሬዎች ዐመፅ ጭካኔ የሚተርከው ፍሯሳር በመኳንንት ድጎማ ይጽፍ የነበረ ሰው ነው፤ ዐመፀኞቹ ራሳቸው የጻፉት ታሪክ የለም። ታክማን በመቅድማቸው የዘመኑ ጸሐፊዎች አኃዝን እንደሚያጋንኑ፣ ክፉ ነገርም ከደጉ ይልቅ በጽሑፍ እንደሚቀር ያስጠነቅቃሉ። ያሳዝናል፣ በምዕራፎቹ ውስጥ ይህን ማስጠንቀቂያ ራሳቸው አልፎ አልፎ ይዘነጉታል። መምህሩ ግን መቅድሙን ከሁሉ አስቀድሞ በክፍል ቢያስነብብ ተማሪው ምንጭን መመርመር ይለምዳል።

ስለ ጥቁሩ ሞት የሚናገረው ምዕራፍ ለማስተማሪያነት ቢተረጎም ይበጃል። በግርጌው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች በለንደን መካነ መቃብር ከተገኙ አፅሞች የበሽታውን ባክቴሪያ ሙሉ ዘረመል መልሰው ማዋቀራቸው ሊጨመር ይገባል፤ ደራሲዋ ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር።