ቲማቲሙ ምን አጠፋ?

ባለፈው ሰሞን ከሰፈራችን ጉልት ቲማቲም ልገዛ ጎንበስ ብያለሁ። ከጎኔ የቆመች ዘነጥ ያለች ወይዘሮ አንዱን አነሳችና በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ፣ "ይሄማ ጂኤምኦ ነው" ብላ መልሳ ወርውራው ሄደች። ቸርቻሪዋ ደንበኛዬ ክው አለች። የሰደበቻት መስሏታል።

"ጋሼ፣ ምንድነው ያለችኝ?"

"ዘሩ የተነካካ ነው ማለቷ ነው።"

"የምን መነካካት? ትናንት ማታ ከመቂ የገባ ነው እኮ!"

የቲማቲሙ ጥፋት መጠንከሩ ነው። የጠነከረውም በጭነት መኪና ተንገጫግጮ አዲስ አበባ እስኪደርስ እንዳይፈርጥ፣ በተለመደው የማዳቀል ዘዴ የተመረጠ ዝርያ ስለሆነ ነው። እዚህ አገር ጂኑ የተለወጠ ቲማቲም እንዲዘራ ተፈቅዶ አያውቅም።

እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የፈጀሁ ሰው ነኝ። ስለ ጂን ልስበክ ብል የባዮሎጂ መምህራን ወዳጆቼ ይስቁብኛል። ቃል ያለቦታው ሲገባ ግን እንደ ድሮው ቀይ እስክሪብቶ ያምረኛል። ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ከትተናል። ከማሳው ደህና ደህናውን እየመረጡ ዘር ማስቀረት አለ፤ ይህን አያቶቻችንም ሲያደርጉት ኖረዋል። ሁለት ዝርያ አጋብቶ ማዳቀል አለ። ከዚያ ደግሞ ከሌላ ፍጡር፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ከማይዛመድ ፍጡር፣ አንድን ጂን ቤተ ሙከራ ውስጥ ወስዶ ማስገባት አለ። አነጋጋሪው ይሄ ሦስተኛው ነው። ሕጋችን ይህን "ልውጥ ህያው" ይለዋል። ቃሉ ለጆሮ ያምራል። ነገር ግን አንዲት እናት "ልጄ ተለወጠብኝ" ስትል ልጇ ተሻለው ማለቷ አይደለም። ስሙን ያወጡት ሰዎች ሳያስቡት ፍርዱንም አብረው የሰጡ ይመስለኛል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ውይይት ተጠርቼ ነበር። ለምን እንደተጠራሁ አላውቅም፤ ምናልባት ለወንበር ማሟያ። መድረኩ ላይ የሰማሁት ሁለት ዓይነት ድርሰት ነው። አንደኛው ሙሾ ነው፤ ዘራችን ሊጠፋ ነው፣ ካንሰር ሊፈጀን ነው፣ መካን ልንሆን ነው። ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው፤ ረሃብ ሊጠፋ ነው፣ ሳይንስ ተናግሯል፣ ዝም በሉ።

ለሙሾ አውራጁ አንድ ነገር ልንገረው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሰፊ ጥናት ገበያ ላይ ያሉት የዚህ ዓይነት ምግቦች ከሌሎቹ የበለጠ ጤና ይጎዳሉ የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኙም። ካንሰሩን ለመድረክ ማሟሟቂያ መጥራት ነውር ነው። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ይሰማዋል።

የማስታወቂያውን ወገን ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀውም። በ2010 ዓ.ም. ከህንድ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ዝርያዎች እንዲዘሩ ሲፈቀድ፣ ሰው ለማረጋጋት ይነገር የነበረው "ጥጥ እኮ አይበላም" የሚል ነበር። አይበላም? ፍሬው ዘይት ይጨመቅበታል፤ ፋጉሎው ለከብት ይሰጣል፤ የከብቱን ወተት እኛ እንጠጣለን። ደግነቱ የተጣራ ዘይት ውስጥ ፕሮቲን የሚባል ነገር እምብዛም አይተርፍም። ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደው ቢቲም የሚገድለው ትሉን ነው። እንዲያውም ጥጥ ፍሬ ውስጥ ያለው ዋናው መርዝ ጎሲፖል ነው፤ እሱን ያስቀመጠችው ደግሞ ራሷ ተፈጥሮ ናት። ተማሪዬ ቢሆን፣ በተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ትክክለኛ መልስ ላይ ስለደረሰ ግማሽ ማርክ እሰጠው ነበር።

ለመሆኑ ይህ ጥጥ ሌላ አገር ምን ሆነ? ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሲዘራ፣ ለትል የሚረጨውን መድኃኒት በእርግጥ ቀንሶ ነበር። መድኃኒት በጀርባው ተሸክሞ ለሚረጭ ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሮዝ ቀለም ያለው የጥጥ ትል ቢቲውን ተላመደው። ቡርኪና ፋሶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ጀምራ በ2016 እርግፍ አድርጋ ተወችው። ሰው ታሞ ነው? አይደለም። ትሉ አሸንፎ ነው? እሱም አይደለም። የጥጡ ጭረት ከቀድሞው አጥሮ ገዢ ዋጋ ስለቀነሰባት ነው! ይህን ሙሾውም ማስታወቂያውም አልገመቱትም። አንድ ሰው ፈትሉን ቀድሞ በጣቱ ቢያየው ይበቃ ነበር።

የህንዱ ዘር ዲቃላ ስለሆነ ገበሬው በየዓመቱ መግዛት አለበት። ካመረተው ላይ ዘር አስቀርቶ ቢዘራ ምርቱ ይወርድበታል። ልብ በሉ፣ ይህ የጂኑ ሥራ አይደለም፤ ከእነጭራሹ ጂን ያልተነካበት ዲቃላ በቆሎም እንዲሁ ነው። ሰው የሚፈራውን ነገር ስሙን አሳስቶ ሲጠራው እንዲህ ይሆናል፤ ሆዱን ሲጠብቅ ጎተራው ይከፈትበታል።

ጤፍን አስታውሱ። ማንም ጂኑን አልለወጠውም። ሆኖም አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት ያን ወረቀት ዋጋ ያሳጣው በኅዳር 2011 ነው። ለዓመታት የተያዝነው በወረቀት እንጂ በቤተ ሙከራ አልነበረም።

ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ይህን ቀድመው ያዩ ሰው ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አጥተናቸዋል። በካርታሄና ስምምነት ድርድር የአፍሪካን ወገን ይዘው የተሟገቱት በዋናነት "ሳትነግሩን አታስገቡብን" ብለው ነው። ስምምነቱ በጥር 1992 ሲጸድቅ፣ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ አውቆ እንዲስማማ የሚለው ነገር ገባበት። የእኛው የደህንነተ ህይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ያን መንፈስ ይዞ ወጣ፤ በ2007 ሲሻሻል ደግሞ ላላ። ማጥበቁም ማላላቱም ክርክር ያስፈልገው ነበር። የተከራከርነው ግን ስለ ካንሰር ነው።

ወደ አዳራሹ ልመለስና፣ ከኋላ በኩል አንድ ሸምገል ያሉ ሰው እጃቸውን አውጥተው ብዙ ቆዩ። ማይክራፎኑ ሲደርሳቸው "እኛ ዘንድ እንሰቱን አጠውልግ ጨረሰው። ቢላው ከአንዱ ወደ አንዱ እያስተላለፈ መንደር ያጠፋል። ለሱ የምታውቁት አለ?" አሉ።

በልቤ አጨበጨብኩ። ምክንያቱም መልስ ነበረ። ተመራማሪዎች ከማያቃጥለው የቃሪያ ዓይነት የተወሰደ ጂን እንሰት ውስጥ አስገብተው በሽታውን የሚቋቋም ተክል ለማግኘት ሲሠሩ ቆይተዋል። እንሰት አብዛኛውን ጊዜ ሳያብብ ይቆረጣል፤ የሚራባውም ከሥሩ በሚወጣ ችግኝ ነው። ስለዚህ ዘሩ ወደ ጎረቤት ማሳ ይበተናል የሚለው ስጋት ያንሳል፤ ገበሬውም አንዴ ካገኘው ራሱ ያራባዋል፣ ለጎረቤቱም ይሰጣል። እኔን ብትጠይቁኝ እዚህ አገር ይህን ሳይንስ ለመፈተን ከጥጥ ይልቅ እንሰት ይሻል ነበር። ግን ለሙሾ አይመች፣ በየዓመቱ ለሽያጭ አይመች።

መድረክ መሪው ሰዓቱን አየና፣ "ጥሩ ጥያቄ ነው አባባ፣ ጊዜ ስለሌለን በምሳ ሰዓት እንነጋገርበታለን" አለ።

ምሳው ክትፎ ነበር፤ በቆጮ።