ወጋየሁ ንጋቱ፦ የመድረክ ሰው፣ የሬዲዮ ድምፅ

ወጋየሁ ንጋቱ በዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር ከታዩ ታላላቅ ተዋንያን አንዱ ነው። ሙያውን የጀመረው በመድረክ ቢሆንም፣ አብዛኛው ሕዝብ የሚያውቀው በሬዲዮ ትረካው ነው።

በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ«ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት የአማርኛ ተውኔት ገና ከስብከትና ከግብረ ገብ ትምህርት አልተላቀቀም ነበር። በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የኪነ ጥበባት ማእከል ሌላ መንገድ ከፈተ። ተስፋዬ ገሠሠ፣ ደበበ እሸቱና ወጋየሁ የዚህ ትውልድ ፍሬዎች ናቸው። ደበበና ወጋየሁ ሃንጋሪ ሄደው ቴአትር አጥንተዋል። ወጋየሁ ከተመለሰ በኋላ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ተውኔቶች ጨምሮ በበርካታ ሥራዎች ተጫውቷል።

የመድረክ ትወና መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ያልፋል። ሩሲያዊው ኢኖኬንቲ ስሞክቱኖቭስኪ በ1957 እ.ኤ.አ. ሌኒንግራድ ውስጥ የዶስቶየቭስኪን ልዑል ሚሽኪን ተጫውቶ ዝነኛ ሆነ፤ ያንን ትወና ያላየ ሁሉ ግን ችሎታውን በ1964 እ.ኤ.አ. ኮዚንትሴቭ ባዘጋጀው የ«ሐምሌት» ፊልም ሊመዝን ይችላል። ለወጋየሁ ይህን ውለታ የዋለለት ካሜራ ሳይሆን ማይክሮፎን ነው።

በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ ጠና ያለ ልቦለድ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ በዚያ ላይ የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አያሳይም። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው የት እንደሚተነፍስ፣ የቱን ቃል እንደሚያጠብቅ፣ የቱ ላይ ዝም እንደሚል ራሱ መወሰን አለበት። ወጋየሁ ተራኪውን በረጋ ድምፅ ይይዝና ባለታሪኮቹ ሲናገሩ ይለወጣል፤ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ የጉዱ ካሳ ምሬት፣ የበዛብህ ፍርሃት የየራሳቸው ቃና አላቸው። ይህ ማንበብ ብቻ አይደለም፤ አንድ ተዋናይ ያለ አልባሳትና ያለ መብራት ሙሉ ተውኔት ሲጫወት ነው።

ሬዲዮ አዳራሽ አይጠይቅም። ቴአትር ቤት በሌላት በአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ በጎረቤላም ሆነ በሌላ የገጠር ከተማ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ታሪክ ለማወቅ አንድ ሬዲዮ ይበቃው ነበር። መጽሐፉ የደረሰበትን ዝና ለደራሲው ብቻ መስጠት ስለዚህ ያስቸግራል።

ትረካው ግን ዋጋ አስከፍሏል። አንዴ የሰማው አንባቢ ጉዱ ካሳን በሌላ ድምፅ ማሰብ ይከብደዋል፤ ከወጋየሁ ወዲህ ልቦለዱን የሚተርክ ሁሉም ከእሱ ጋር መነጻጸሩ አይቀርለትም። የተዋናዩ የራሱ የመድረክ ሥራም በዚሁ ዝና ተሸፍኗል። ወጋየሁ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አርፏል። መድረክ ላይ ያዩት ሰዎች ቁጥር ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ስለሆነ፣ የቴአትር ትምህርት ክፍሎችና ቴአትር ቤቶች የእነዚህን ሰዎች ምስክርነት አሁኑኑ መቅዳትና ማሰባሰብ ይገባቸዋል።