ከሚዛን ወደ ላፕቶፕ

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሸቤ ከተማ ቡና ሲደርስ ዋናው ጉዳይ ሚዛን ነው። ጀንፈሉ ይመዘናል፣ መዝጋቢው ቁጥሩን አይቶ ደብተር ላይ ያሰፍራል። የደከመ ዓይን 61ን 16 አድርጎ ሊጽፍ ይችላል፤ ያ ደግሞ የገበሬው ገንዘብ ነው።

መፍትሔው ቁጥሩ ከሚዛኑ በቀጥታ ወደ ላፕቶፕ እንዲገባ ማድረግ ነው። ብዙ ዲጂታል ሚዛኖች ከጀርባቸው ባለ 9 እግር ሶኬት አላቸው። አርኤስ 232 የተባለው የመነጋገሪያ ደንባቸው በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የዛሬ ላፕቶፕ ያለው ግን ዩኤስቢ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ትንሽ ቺፕ የተቀበረበት ገመድ ነው፤ እኔ የማደንቀውም እሱን ነው። ሲሰካ ኮምፒውተሩ "ኮም 3" ወይም ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙም የድሮውን ፖርት ያገኘ ያህል ይሠራል።

ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት መስመር ይበቃል፦ ፖርቱን መክፈት፣ የመረጃ ፍጥነቱን ለምሳሌ በሰከንድ 9600 ቢት ማድረግ፣ መስመሩ እስኪያልቅ ማንበብ። ፍጥነቱ ከሚዛኑ ጋር ካልገጠመ የሚመጣው የተዘበራረቀ ፊደል ነው። ሲገጥም ክብደቱ ጥርት ብሎ ይወጣል። ደስ የሚለኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ብዙ ሚዛኖች ከቁጥሩ ጋር መርጋት አለመርጋቱን የሚናገር ምልክት ይልካሉ። ጆንያው ገና እየተወዛወዘ ከሆነ ፕሮግራሙ አይመዘግብም፤ ይጠብቃል። ለሻጩም ለገዢውም እኩል ይጠብቃል።

ገመድ የሚገዛ ሰው የሚዛኑን መመሪያ ቀድሞ ይይ። ከ9ኙ እግሮች አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱ ይበቃሉ፤ የአንዱ መሣሪያ መላኪያ ግን ከሌላው መቀበያ ጋር መገናኘት አለበት።